ፈረሴን የት ላሳድረው? ጥያቄና መልስ ከሜሪላንድና ቨርጂኒያ

አገው ምድር ከፈረስ ጋር ነው ያደግሁት። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ አንዲት ባዝራ አለችኝ፤ ለእሷ ስል አራት ማሳደሪያ፣ ማለትም ፈረስ በክፍያ የሚያኖሩበት ቦታ፣ ቀያይሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምመልሰው ያየሁትንና ሐኪሞች ያስረዱኝን ነው። ጠይቁኝ።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የምትማርበትን ፈረስ ሊሸጡልን ነው። “ፉል ቦርድ”፣ “ፊልድ ቦርድ”፣ “ሰልፍ ኬር” ይሉኛል። ምንድን ነው ልዩነቱ?

እህቴ፣ ፉል ቦርድ ከሆነ ጋጣ ይሰጡታል፣ ድርቆሽና ጥሬ ያበሉታል፣ ጋጣውን ይጠርጋሉ፣ ሜዳ አውጥተው ያስገቡታል። ፊልድ ቦርድ ከሆነ ሌት ተቀን ሜዳ ነው፤ ውሃና ከዝናብ የሚጠለልበት ዳስ ግን ሊኖረው ይገባል። ሰልፍ ኬር ቦታውን ብቻ መከራየት ነው፤ ሥራው በሙሉ ያንቺ። በሦስቱም ሐኪሙና የሰኮና ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ከኪስሽ ነው የሚከፈሉት። የሰኮና ባለሙያው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ስለሚመጣ ወርሃዊ ኪራዩን ብቻ ይዘሽ አታስቢ።

ፈረሱ ጤነኛ ከሆነ ፊልድ ቦርድን አትናቂው። የፈረስ ሆድ ቀኑን ሙሉ ትንሽ በትንሽ እየጋጠ እንዲኖር የተሠራ ነው። ጋጣ ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ፈረስ በር ማኘክ ይጀምራል፣ ሆድ ቁርጠትም ይበዛበታል። ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት ለጥቂት ወራት “ሊዝ” ብታደርጉት፣ ማለትም ብትከራዩት፣ ይሻላል። የ14 ዓመት ልጅ ሐሳብ እንደ መጋቢት ሰማይ ነው።

ማሳደሪያ ልጎበኝ ስሄድ ምን ልይ?

ሕንጻውን አትይ። የመጀመሪያው ማሳደሪያዬ ነጭ አጥሩ፣ የተወለወለ ኮሪደሩ ሠርግ ቤት ይመስል ነበር። የካቲት ላይ ድርቆሽ አለቀባቸው። ባዝራዬ የብርድ ልብስ ለብሳ ስለነበር አላወቅሁም፤ አንድ እሑድ እጄን ከልብሱ ሥር ሰድጄ ስዳስሳት ጎኗን አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ የድርቆሽ ክምሩን ሳላይ ስለ ዋጋ አላወራም። 1,000 ፓውንድ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 20 ፓውንድ ድርቆሽ ይፈልጋል። የፈረሶቹን ብዛትና ክረምቱ፣ የበረዶው ወራት፣ እስኪያልፍ የቀረውን ጊዜ አስበህ ክምሩን ገምት። እፍኝ አንሥተህም አሽትት፤ የሻገተና አቧራ የሚያቦን ከሆነ ተመለስ። ክምሩ ከጋጣዎቹ በላይ ቆጥ ላይ ከሆነ ስለ እሳት ጠይቅ፤ በደንብ ሳይደርቅ የታሰረ ድርቆሽ ውስጥ ውስጡን ግሎ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ቀጥሎ ውሃው። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ በሙቀት ከዚያም ይበልጣል። ገንዳው አረንጓዴ ዝቃጭ ከያዘ ማንም አያጥበውም ማለት ነው። እዚያ ያሉትን ፈረሶች እያቸው፤ ሰኮናቸው ተሰነጣጥቋል? ሰው ሲቀርብ በቁጣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ይለጥፋሉ ወይስ አንገታቸውን ያወጣሉ? አጥሩ እሾህ ሽቦ ከሆነ እኔ አልገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ጠዋትና ማታ የሚያበላውን ሰው አግኘው። አስጎብኚህ ባለቤቷ ናት፤ ፈረስህ የሚኖረው ግን ከሠራተኛው ጋር ነው። “ከነዚህ ውስጥ አመለኛው የቱ ነው?” ብለህ ጠይቀው። የሚወዳቸው ሰው ከሆነ ተረት ይጀምርልሃል። ትከሻውን ከነቀነቀ መልስህን አገኘህ። ይኼ ሰው በስንት ጊዜ እንደሚቀያየርም ጠይቅ። ሌሊት ግቢው ውስጥ የሚያድር ሰው መኖሩንም።

ወረቀት ነገርስ?

ሜሪላንድ ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ ፈረስ በክፍያ የሚያሳድር ከሜሪላንድ የፈረስ ኢንዱስትሪ ቦርድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም።

እነሱም ከአንተ የኮጊንስ ምርመራ ውጤት ሊጠይቁህ ይገባል። ክትባትም መድኃኒትም የሌለውን የፈረስ ተላላፊ የደም ማነስ በሽታ የሚለይ የደም ምርመራ ነው። ካልጠየቁህ ደስ አይበልህ፤ የጎረቤት ጋጣውንም ፈረስ አልጠየቁም ማለት ነው። አዲስ መጪን ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ የሚያቆዩ ከሆነ እሰየው።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛ፣ አንተ ስልክ ባታነሣ ሐኪም የሚጠራው ማን ነው፣ እስከ ስንት ዶላር ድረስስ? ሁለተኛ፣ ለመልቀቅ የስንት ቀን ማስታወቂያ ትሰጣለህ? ኪራይ ካጠራቀምክ ደግሞ በሁለቱም ስቴት ሕጉ ለማሳደሪያው በፈረስህ ላይ የመያዣ መብት ይሰጠዋል። ቀልድ አይደለም።

ወንዝ ዳር የሆነ ጥሩ ቦታ አግኝቼ “ፖቶማክ ፊቨር አለ” ብለው አስፈራሩኝ።

በሽታው እውነት ነው። ስሙን ያገኘው በ1979 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሜሪላንድ፣ በፖቶማክ ወንዝ አካባቢ ስለታወቀ ነው። በሙቀቱ ወራት እንደ ሜይፍላይ ያሉ ውሃ ውስጥ የሚፈለፈሉ ነፍሳት ማታ ወደ መብራት ይጎርፋሉ፣ ሞተው መኖና ውሃ ላይ ይረግፋሉ፤ ፈረሱ ሳያውቅ ይበላቸዋል። ከዚያ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ሲከፋም ሰኮናን የሚጎዳ እብጠት ይከተላል። ክትባት አለ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይከላከልም። ቦታውን ለዚህ ብቻ ብለህ አትተወው፤ ሌሊት የጋጣውን መብራት ያጠፋሉ ወይ፣ መኖና ውሃውን ይሸፍናሉ ወይ ብለህ ጠይቅ።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ስጋልብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ለፈረስ ማደሪያ ብሎ የሚከፍለው ገንዘብ ያስደነግጠኛል። ጓሮው ሰፊ ነው፤ ለምን እዚያ አያስረውም?

አባቴ፣ እኔም መጀመሪያ እንደ እርስዎ ነበር ያልኩት። ግን የካውንቲው ሕግ ብዙ ሰፈር ውስጥ ፈረስ አያስገባም፤ ቢያስገባም ፈረስ በቀን ወደ 50 ፓውንድ ፋንድያ ይጥላል፣ ጎረቤት ደግሞ እንደኛ አገር ፋንድያውን የሚበትንበት ማሳ የለውም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ብቸኝነቱ ነው። የኛ ፈረስ ማታ ከሰው ጋር ቤት ቢያድርም ቀን ከመንጋው ጋር ይውላል። እዚህ ጓሮ ብቻውን የታሰረ ፈረስ ይጨነቃል። ይልቅ ልጅዎ ማሳደሪያ ሲመርጥ አብረው ይሂዱ። የፈረስ ጀርባና ሰኮና አይቶ አያያዙን የሚያውቅ ዓይን እዚህ በገንዘብ አይገኝም።

ኡበር ነው የምሠራው። ሰልፍ ኬር ይረክስልኛል፣ ላድርገው?

ወንድሜ፣ ዋጋው ይረክሳል፤ ግን ጠዋትና ማታ፣ በፋሲካም፣ በረዶ መንገድ በዘጋበትም ቀን አንተ ነህ የምትሄደው። ተራ የሚገባህ ሌላ ባለፈረስ እዚያው ካለ አስብበት። ከሌለ ይቅርብህ።

የቤት ውስጥ መጋለቢያ ላለው ተጨማሪ ልክፈል?

ክረምቱን በሙሉ ካልጋለብሽ፣ አይ።

ሜዳው ዙሪያውን ዛፍ ነው። ለጥላ ጥሩ አይደል?

ዛፉን እየው እንጂ። ቀይ ሜፕል ከሆነ፣ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ የፈረስን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ጥቂቱም ሊገድል ይችላል። ቅጠል ሲረግፍ ወይም ማዕበል ቅርንጫፍ ሲሰብር ማን ያነሣል ብለህ ጠይቅ። ለጋጣው ጉዝጓዝ የሚያነጥፉት የእንጨት ፍቅፋቂም ጥቁር ዋልነት ያልተቀላቀለበት መሆኑን አረጋግጥ፤ ፈረሱ ላዩ ላይ በመቆሙ ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ ሰኮናው ውስጡን ሊቆጣ ይችላል። የሜፕሉን ነገር የነገረችኝ አራተኛው ማሳደሪያ ውስጥ የምታበላዋ ሴትዮ ናት፤ ባዝራዬ አሁንም እዚያው ናት።