ቻፓላን ለጡረታ ልያት ላልከው ወንድሜ

«እኔና ባለቤቴ ጡረታ ደርሰናል። ሜክሲኮ ቻፓላ ሐይቅ ዳር ኑሮው ይቀላል፣ አየሩም የአገር ቤት ነው ይላሉ። በፌብሩዋሪ ሁለት ሳምንት ሄደን ልናየው ነው። የሚያውቅ ካለ ይምከረን» ብለህ ጽፈሃል። እኔና ባሌ ከቴክሳስ ተነቅለን አሁን ሳን አንቶኒዮ ትላያካፓን ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። የውጭ ሰው ከሚበዛባት ከአጂጂክ ጋር ኩታ ገጠም የሆነች የሐይቁ ዳር መንደር ናት። ሐይቁ ትልቅ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው የሚለውን ሁሉም ስለሚነግርህ እሱን ልዝለለው። የማይነግሩህን ልንገርህ።

1. ፌብሩዋሪን እርሳው። በፌብሩዋሪ ቻፓላን አይቶ ያልወደደ ሰው የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቀኑ ሞቅ፣ ማታው ቀዝቀዝ ይላል። ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጣና ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ለእኛ ሰው አየሩ ወዲያው ነው የሚስማማው። ግን ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል የካናዳና የሰሜን አሜሪካ ብርድ ያባረረው ሽማግሌ ሁሉ እዚያ ስለሚሰፍር የቤት ኪራይ ጣሪያ ይነካል። አንተም ያንን ዋጋ አይተህ «ርካሽ ነው ያለው ማነው?» ትላለህ። ከቻልክ በሜይ ሂድ። ያን ጊዜ ተራራው ደርቆ ይገረጣል፣ አንዳንዴ ይቃጠላል፣ ጭሱ መንደር ይወርዳል፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ኤሲ የለም። ውሃውም ከዳር ይሸሻል። ዝናቡ በጁን ይገባና ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ በነጎድጓድ ይዘንባል። ጠዋት ስትነሳ ተራራው አረንጓዴ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሜይን የቻለ እዚያ መኖር ይችላል። የፌብሩዋሪ ቲኬት ከቆረጣችሁም ሂዱ፣ ብቻ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርሙ።

2. አጂጂክ ብቻ አትደሩ። የአካባቢው ትልቅ ከተማ የጓዳላሃራ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ፣ ወደ ቻፓላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከተማ ሳትገቡ በታክሲ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ታክሲውን እዚያው ውስጥ ካለው መስኮት ቲኬት ገዝታችሁ ያዙ፣ ውጭ የሚጎትታችሁን ሰው ተዉት። አጂጂክ ቆንጆ ናት፣ በ2020 «አስማተኛ መንደር» የሚለውን የመንግሥት ማዕረግ ካገኘች ወዲህማ ቅዳሜና እሁድ የጓዳላሃራ ሰው ይተራመስባታል። እንግሊዝኛ በየካፌው ይሰማል። ከ1955 ጀምሮ ያለ የውጭ ዜጎች ማኅበር አለ፣ የሌክ ቻፓላ ሶሳይቲ ይባላል። ግቢው ውስጥ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ቁጭ ብላችሁ ሰው ጠይቁ። ግን ሁለት ሌሊት ቻፓላ ከተማ እደሩ፣ ሰኞ ገበያዋን እዩ። አንድ ቀን በምዕራቡ ጫፍ እስከ ሆኮቴፔክ በአውቶቡስ ሂዱ፣ መንገድ ላይ ሳን ሁዋን ኮሳላ ፍል ውሃ አለ፣ ለጉልበት በጣም ጥሩ ነው። ኑሮው የሚቀለው እነዚህ ጋ ነው። ዋጋው በዶላር የተጻፈ ቤት ለእናንተ የተዘጋጀ ነው። በሩ ላይ በስፓኒሽ «ሴ ሬንታ» (ይከራያል) ተብሎ በእጅ የተጻፈበት ቤት ደግሞ ለአገሬው ነው፣ ዋጋው ሌላ ነው። አንዳንዱ ባለቤት ግን የአገሩ ዜጋ የሆነ፣ በስሙ ቤት ያለው ዋስ ይጠይቃል። የእኛዋ አከራይ ዋስ በሌለበት ተጨማሪ ተቀማጭ ተቀብላ አስገባችን፣ እግዜር ይስጣት።

ጫማ! ባለቤትህ ተረከዝ ያለው ጫማ ይዛ እንዳትሄድ። ኮብልስቶን ሲሉህ የአዲስ አበባው የተጠረበ ድንጋይ እንዳይመስልህ፣ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ነው። ባሌ ቁርጭምጭሚቱን አዙሮት ሰነበተ።

3. ወረቀት። ይህንን ረጋ ብለህ አንብበው፣ ሰው ሁሉ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

በቱሪስትነት ገብታችሁ «ወደድነው፣ እዚሁ እንቅር» ብሎ ነገር ለአብዛኛው ሰው አይሠራም። የመኖሪያ ቪዛው የሚጀመረው ከሜክሲኮ ውጭ ካለ ቆንስላ ነው። የወር ገቢ ወይም የባንክ ተቀማጭ ማሳየት አለባችሁ። ለገቢ የ6 ወር፣ ለተቀማጭ የ12 ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃሉ። መጠኑ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ፌስቡክ ላይ ያገኘኸውን ቁጥር አትመን። የምትሄድበትን ቆንስላ ጠይቅ።

እኛ አንድ ቆንስላ ቀጠሮ ያዝን፣ ስሙን አልጠራም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አየች፣ የባንክ ወረቀቴን አየች፣ መልሳ ገፋችልኝ። «ይህ ያንቺ ሒሳብ አይደለም» አለች። ባንኩ ከግሪን ካርዴ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀኝ በስሜና በአባቴ ስም ነው። ዜግነት ስወስድ ፓስፖርቱ ላይ የአያቴ ስም መጨረሻ ላይ ገባ። ለእሷ ሁለት የተለያየን ሴቶች ነን። አባቴና አያቴ እንደሆኑ ላስረዳት ብሞክር እጇን አወናጨፈችብኝ። 30 ዓመት በሽተኛ ያገላበጥኩ ሴት ነኝ፣ እንደዚያ እጅ የተወናጨፈብኝ ግን ያን ቀን ነው።

ወደ ባሌ ዞረች። በእኔ ገቢ ጥገኛ ሆኖ ይግባ ብለን ነበር። «የጋብቻ ወረቀት?» የአገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ወረቀታችንን ከነትርጉሙ ሰጠናት። «የአባት ስማችሁ ለምን ተለያየ?» አለች። እንግዲህ ሚስት የባሏን ስም የማትወስድበት አገር መኖሩን አልሰማችም። የሚገርመኝ ደግሞ የሜክሲኮ ሴት ራሷ ስታገባ ስሟን አትቀይርም! ከዚያ ወረቀቱ ከኢትዮጵያ መረጋገጥ አለበት፣ በተፈቀደለት ሰው ወደ ስፓኒሽ መተርጎም አለበት፣ ሌላ ሌላም ዘረዘረች። ድረ ገጻቸው ላይ ከዚህ ግማሹ የለም። ስለዚህ አሜሪካ ከተጋባችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ከተጋባችሁበት ስቴት አፖስቲል (ወረቀቱ በሌላ አገር እንዲታመን የሚሰጥ ማረጋገጫ) ማውጣት ነው። አዲስ አበባ ከተጋባችሁ ግን ከአሁኑ አገር ቤት ያለ ሰው አሯሩጡ።

እኔ ግን እጅ አልሰጠሁም። ባንኬ ሄጄ ሒሳቡ ላይ ሙሉ ስሜ እንደ ፓስፖርቱ እንዲገባ አስደረግኩ። ሥራ አስኪያጁ በባንኩ ወረቀት ላይ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ እያንዳንዱን ገጽ ማኅተም አደረገበት። ከዚያ የጋብቻውን ነገር ጥለን ለየብቻ አመለከትን፣ እኔ በጡረታዬ፣ ባሌ በተቀማጩ። ችግሩ ቤታችንን ሸጠን ገንዘቡ ባንክ የገባው በቅርቡ ነበር። የ12 ወር መግለጫው እስኪሞላ በኪራይ ቤት ቁጭ አልን፣ የቴክሳስ ኪራይ ደግሞ ታውቀዋለህ። በመጨረሻ የሄድነው ሌላ ቆንስላ ነው። የወረዳቸውን ነዋሪ ብቻ የሚቀበሉ አሉ፣ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። እዚያ የነበረው ሰውዬ ወንበር ስቦ አስቀመጠን፣ ስለ ቡናችን ጠየቀን፣ ሁለታችንንም አሳለፈን። ሕጉ አንድ ነው፣ ሰው ነው የሚለያየው።

አላለቀም። ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሲለጠፍ ሥራው ተጠናቀቀ ብለህ እንዳትዘናጋ። ሜክሲኮ በገባህ በ30 ቀን ውስጥ በመኖሪያ ካርድ ማስቀየር አለብህ። አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ሠራተኛ በችኮላ እንደ ቱሪስት ካስገባህ ግን ጣጣ ነው፣ ወጥተው እንደገና የገቡ አውቃለሁ። በማሽን በሚከፈተው የፓስፖርት መፈተሻ በር እንዳትገቡ፣ ሰው ያለበት መስኮት ሂዱ፣ ቪዛውን ገልጣችሁ አሳዩ፣ የጻፈላችሁን እዚያው አንብቡ። ለእኔ 180 ቀን ቱሪስት ብሎ ሊጽፍ ሲል «ካንሄ! ካንሄ!» ብዬ ጮህኩ፣ ቪዛው በካርድ የሚቀየር ነው ማለቴ ነው። ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ አጉረመረመ፣ ንቅንቅ አላልኩም። ተስተካከለ።

ዜግነት ካልወሰዳችሁና በግሪን ካርድ ላይ ካላችሁ ሌላ ስሌት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከነግሪን ካርዱ ለጉብኝት ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ለሁለቱ ሳምንት ችግር የለውም። ለመኖር ግን ረጅም ጊዜ ከአሜሪካ መውጣት ግሪን ካርዱን አደጋ ላይ ይጥላል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲውም (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታው) ከ6 ወር በኋላ ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ ዜግነቱን ጨርሱ እላለሁ።

4 ብዬ ስለ ሕክምና ልጽፍ ነበር፣ ረዘመብኝ። ባጭሩ ሜዲኬር፣ የአሜሪካው የአረጋውያን የሕክምና መድን፣ እዚያ አይሠራም። ለዶክተርና ለመድኃኒት ከኪስ የምንከፍለው ከአሜሪካው ጋር አይወዳደርም፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች ጓዳላሃራ አሉ። ግን የልብ ነገር ያለበት ሰው ሜዲኬሩን ሳያቋርጥ ቢያቆይ ይሻለዋል።

ቤት ለመግዛት ከቋመጣችሁ፣ ቻፓላ ከባሕርና ከድንበር ርቃ ስላለች የውጭ ዜጋ በቀጥታ በስሙ መግዛት ይችላል። ርካሽ መሬት አለ ሲሏችሁ ግን «ኤሂዶ ነው ወይ?» በሉ። ኤሂዶ የገበሬዎች የጋራ ይዞታ ነው፣ እንደ ተራ ቦታ በስምህ አይዞርም። ሻጩ ሲምልልህ አትስማው፣ ኖታሪዮው ያጣራልህ። ኖታሪዮ እዚያ መንግሥት የሾመው የሕግ ባለሙያ ነው፣ እንደ አሜሪካው ማኅተም መቺ አይደለም። ተከራይታችሁ ዓመት ሳትሞሉ ባትገዙ ደግሞ ይሻላል።

ሐይቁን በሚመለከት፣ ለዋና አትጓጉ። ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ስፋቱ የጣናን ሲሶ ያህላል፣ እምቦጭም አለበት፣ ያው የኛው እምቦጭ! ጓዳላሃራ ብዙውን ውሃዋን ከዚህ ነው የምትጠጣው፣ በ2002 ገደማ ሐይቁ ክፉኛ ሸሽቶ ነበር። «ውሃ ዳር» ብለው ለሚያስከፍሉህ ቤት ይህንን አስብ። ለሽርሽር ግን ወደ መስካላ ደሴት በጀልባ ሂዱ። ከ1812 እስከ 1816 የአካባቢው ሰዎች የስፔንን ጦር አራት ዓመት የተቋቋሙበት ነው። ባሌ ከዚያ ከተመለሰ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

ለጾም አገሩ ተመችቶኛል። አቮካዶ፣ ባቄላ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ቁልቋል ሳይቀር ይበላል። ግን ምግብ ቤት ውስጥ የተፈጨው ባቄላ ብዙውን ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚጠበሰው። «ሲን ማንቴካ» (ያለ አሳማ ስብ) በሉ፣ ሙስሊም ወዳጆቻችሁም ይህን ይወቁ። ጤፍ ፈልጌ አላገኘሁም፣ እንጀራ የምጋግረው ልጆቼ ሲመጡ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያንም በአካባቢው አላገኘሁም፣ ይህ ለባለቤትህ ከባድ ከሆነ ከቤቱ በፊት ተነጋገሩበት።

ርችቱንም እወቁት፣ በተለይ አጂጂክ። የቅዱስ እንድርያስ በዓል በኖቬምበር መጨረሻ ዘጠኝ ቀን ይከበራል፣ ሮኬቱ ገና ሳይነጋ ነው የሚጀምረው። ባሌ የመጀመሪያውን ቀን ከአልጋ ዘሎ ወርዷል። እናንተ በፌብሩዋሪ ስለሆነ ብዙ ላይረብሻችሁ ይችላል፣ ለዶሮና ለውሻ ጩኸት ግን የጆሮ መድፈኛ ያዙ። የምታርፉበትን መንደርና ፓስፖርታችሁ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ (ስሙን ሳይሆን አጻጻፉን) እዚሁ ጻፍልኝ፣ ባንክ ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ እነግርሃለሁ።