ጠረፍ ጠባቂና ወታደር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ አያቴ በንጉሡ ጊዜ መተማ ላይ ጠረፍ ጠባቂ ነበሩ። ኮዳቸው ዛሬም ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ድንበር ጠባቂ ከወታደር በምን ይለያል?
አንባቢሽ ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ኮዳውን አደራ እንዳትጥዪው፣ እህቴ! ወታደር ለጦርነት ይዘጋጃል። የድንበር ጠባቂ ሥራ ግን በሰላሙም ቀን አያልቅም። ፓስፖርት ያያል፣ ኮንትሮባንድ ይይዛል፣ ዱካ ተከትሎ ይሄዳል።

ፊንላንድን ልንገርሽ። ድንበር ጠባቂዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ከሩሲያ ጋር ያላትን 1,340 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንበር ይጠብቃል። ተጠሪነቱ ለመከላከያ ሳይሆን ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ጦርነት ከመጣ ግን ወደ ጦሩ ሊጠቃለል ይችላል።

እኔን የነካኝ ሌላ ነው፤ ባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን ፈልገው የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ታንኳ ጣና ላይ ተገለበጠች። ማዕበል ነበር። ደራሽ ጠፍቶ፣ ዳር ቆመን ፋኖስ እያወዛወዝን ስንጮህ አመሸን። ጎረቤታችን በዋና ወጣ፤ ታንኳዋ ግን ቀረች።

ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1951 ያቋቋመችውን የድንበር ጥበቃ በ2005 ፌዴራል ፖሊስ ብላዋለች።

ከአያትሽ ጓዶች በሕይወት ያለ ካለ፣ ዛሬውኑ ሂጂና ጠይቂው። የሚነግርሽን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አወጣዋለሁ።