ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደውላ ታይላንድ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ሥራ እንዳገኘች ነገረችኝና «ጋሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» አለችኝ። «ሽሮ ያዢ፤ ሚጥሚጣውን ተዪው፣ እነሱ ከእኛ ይብሳሉ» ብዬ ስቄ ዘጋሁት። ማታ ሳስበው ግን የመለስኩላት ስለ ሻንጣዋ ብቻ ነበር። ይህን ለእሷም፣ እንደ እሷ ለመሄድ ለምታስቡትም ጻፍኩ።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ 22 ዓመት አስተምሬ፣ ክረምት ክረምት ፔዳ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገባሁ ዲግሪዬን ጨርሼ፣ ሽበት ሲጀምረኝ ነው የሄድኩት። ሚሊኒየሙን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም.፣ ግንቦት ላይ፣ ኢሳን በሚሉት የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል አንዲት ትንሽ ከተማ ገባሁ። የትምህርት ዘመኑ የሚከፈተው ያኔ ነው፤ እኛ የመዝጊያውን ፈተና ስናዘጋጅ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዓመት 2551 ነበር። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ እነሱ 543 ዓመት ወደ ፊት። በአንድ ሌሊት በረራ 551 ዓመት አረጀሁ።

የወረቀቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ቪዛችሁም የሥራ ፈቃዳችሁም ከቀጣሪያችሁ ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራውን ስትለቁ አብሮ ይሄዳል። በየ90 ቀኑ አድራሻችሁን ለኢሚግሬሽን ታሳውቃላችሁ፤ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉት። ውሉ ሲመጣላችሁ ከደሞዙ በፊት ወሩን ቁጠሩ። ያስቀጠረኝ ደላላ ያስፈረመኝ የ10 ወር ውል ነበር። 13 ወር ካለው አገር ሄጄ የ10 ወር ሰው ሆንኩ! የመጋቢትና የሚያዝያ ረጅም ዕረፍት ሲመጣ ደሞዝ የለም፣ የቤት ኪራይ ግን አለ።

ስለ ክፍሉ ብዙ አልጨነቅላችሁም። ጠዋት 2 ሰዓት ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ከዚያ አርባ ሕፃን ብድግ ብሎ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ሲል፣ አጎታተቱ ሳይቀር የእኛው ነው። «ገባችሁ?» ስትሏቸው ባንድ ድምፅ አዎ ይላሉ፤ አልገባቸውም። ይህም የእኛው ነው። ስለዚህ መጠየቁን ትታችሁ አሠሯቸው። አንዱን ስሕተቴን ብቻ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ የመለሰ ልጅ ራሱን ዳበስኩት፤ እኛ ዘንድ ምርቃት ነው። ልጁ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ክፍሉም ዝም አለ። ከክፍል ስንወጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቀስ ብላ፣ ራስ የክብር ቦታ እንደሆነ፣ እግር ደግሞ የመጨረሻው ዝቅ ያለ እንደሆነ አስረዳችኝ። የሰው ራስ አይነካም፣ በእግር ወደ ሰው አይጠቆምም።

ወር ሳይሞላኝ፣ ሰኔ ላይ፣ አንድ ሐሙስ መምህራን የሚከበሩበት ሥርዓት ሆነ። ልጆቹ በጉልበታቸው እየሄዱ መጥተው አበባ ሰጡኝ። ከአበባው መሀል የደበርጃን አበባና ሰርዶ ነበረበት። የደበርጃኑ አበባ አንገቱን ስለሚደፋ የትሕትና ምልክት ነው፤ ሰርዶው ቢረግጡትም ስለሚስፋፋ እውቀትን ይመስላል አሉኝ። እኔ ሰርዶ የማውቀው ከብት ሲግጠው ነው። የአያቴን ጉልበት የሳምኩበት ዘመን ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ፤ ልጆቹ በጣም ሳቁብኝ።

እዚህ ከተማችን አንድ ነጭ ብቅ ሲል ሕፃናቱ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ እንደሚከተሉት ታውቃላችሁ። እዚያም ነጩን «ፋራንግ» ይሉታል። ሁለቱም ቃላት የጥንቶቹን የአውሮፓ ፍራንኮች ስም ይዘው በፋርስና በዐረብ አፍ የዞሩ ናቸው። እንግዲህ ተራዬ ደርሶ ፋራንግ ልባል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ወላጆች በተሰበሰቡበት ቀን አንድ አባት እኔን አሳልፎ እያየ ርእሰ መምህሯን አንድ ነገር ጠየቃት። ከንግግሩ የለየሁት ያቺን ቃል ብቻ ነው። በኋላ ሳጣራ ሰውየው «ፋራንጉ መቼ ይመጣል?» ነው ያለው። አመመኝ፣ አልዋሻችሁም። የልጆቹ ሌላ ነው፤ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ክንዴን ሲፈትጉ አብሬያቸው አያለሁ፣ ይለቅ እንደሆን ብዬ። ያ አባት ግን እስከ መጨረሻው ሰላም አላለኝም። እናንተም ይገጥማችኋል። ቻሉት አልልም፤ ብቻ ልጁን በአባቱ ዕዳ አትያዙት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስለ እሱ ማንም አልነገረኝም። ውሉ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለውን ይዟል። ከዚያ በኋላስ? ባሕር ዳር እያለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀኔ በራሱ ይሞላ ነበር። በሐይቁ ዳር ስሄድ ሰላምታው ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ታንኳ ሲገባ ቆሜ አያለሁ፣ ቆሮሶ የምንለውን የጣና ዓሣ ተከራክሬ እገዛለሁ፣ የሰው ቡና ላይ እደርሳለሁ። እዚያ በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ቬንቲሌተሩን አበራሁ፣ አለቀ። ሦስት ወር ያህል ደብተር ማረም ሥራ ሳይሆን መሸሸጊያ ሆነኝ፤ የታረመውን ደብተር ደግሜ አርሜአለሁ። ሰው የሚሰበረው በናፍቆት ይመስላችኋል፤ እኔን ሊሰብረኝ የነበረው ከሰዓት በኋላው ነው።

ያወጣኝ ዓሣ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የአንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ አያት በጨው የተለወሰ ዓሣ ከሰል ላይ ይጠብሳሉ። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ቆሮሶ! ከጣና እዚህ ምን አመጣህ አልኩት። ፕላ ኒን ይሉታል፤ «ኒን»ም የናይል ነው ይባላል። በፈረንጅ 1965 የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ለታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል ላኩላቸው፣ ንጉሡ በቤተ መንግሥት ኩሬ አራቡት፣ ከዚያ ለገበሬው ታደለ። አባይ ከሚወጣበት ሄጄ የአባይን ዓሣ በሜኮንግ ወንዝ አገር ማግኘቴ ደነቀኝ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታንሡብኝ፤ ያን ቀን ረቡዕ ነበር፣ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ 11 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። የኢሳን ሰው የሚጣበቀውን ሩዝ ከቀርከሃ ሙዳይ እያወጣ፣ በእጁ እየጠቀለለ፣ ወጡን እያጠቀሰ ነው የሚበላው፤ እጄ ሥራውን ያውቀው ነበር። ፊደሉን ደግሞ ከአንደኛ ክፍሎች ጋር ወንበር ስቤ ተማርኩ። ተነባቢው 44 ነው፣ አናባቢው በላይ በታች በጎን ይቀጠልበታል፤ ሀ ሁ ለቆጠረ ሰው አያስፈራም። የሚያስፈራው ዜማው ነው። ግን እኛም «ገና»ን ስናጠብቀው ልደት፣ ስናላላው ደግሞ ሌላ እንላለን። ከዜማው ሌላ ተቀራራቢ ድምፆችም ያሳስታሉ፤ ዶሮ «ጋይ»፣ እንቁላል «ካይ» ነው፤ አራት እንቁላል ጠይቄ አያቲቱ አራት ዶሮ ሊያሳርዱልኝ ነበር። አንድ ማታ ደግሞ ሰዓት ስጠይቃቸው «ኑንግ ቱም» አሉኝ። ኑንግ አንድ ነው። ሰዓቴን አየሁ፣ ፈረንጁ ሰባት የሚለው ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት! እንደ እኛ! ብቻዬን ስስቅ ሴትዮዋ ያበድኩ መሰላቸው።

እንግዲህ ስትደርሱ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ የምትቀመጡበትን አንድ በርጩማ ፈልጉ፤ ቋንቋውን ሳትችሉ፣ እያፈራችሁም ቢሆን። ቤት ውስጥ ያለው ኢንተርኔት በርጩማ አይደለም።

አራት ዓመት ቆይቼ ስመለስ አያቲቱ አንዲት የሩዝ ሙዳይ ሰጥተውኛል። ባለቤቴን መጀመሪያ ሽታዋ ሰነፈጣት፣ በኋላ የዘጌ ቡና ታኖርባት ነበር፤ ባለፈው ክረምት አይጥ በላት። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ገበያ ላይ ርካሽ ናትና አንዲት ይዛችሁልኝ ኑ። ክዳን ያላትን፣ ማንጠልጠያ ገመድ ያላትን።