ስካይላይን ድራይቭ ዝግ ሆኖ ከጠበቀንስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ላሳያት ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹንም ጭኜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሄድን፣ ፍሮንት ሮያል ስንደርስ የፓርኩ መግቢያ ዝግ ነው። ታች ፀሐይ ነው፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው። እማዬ ጋቢዋን እንደተከናነበች መኪና ውስጥ ዳቦ ቆሎ በልተን ተመለስን። ለምን ይዘጋል? በእግር መግባትስ እንችል ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ እማዬን ይዘሽ ያን ሁሉ መንገድ ሄደሽ መመለስሽ እኔንም ከፍቶኛል። ታች ያለው አየር ግን ስለ ላይኛው ምንም አይነግርሽም። ስካይላይን ድራይቭ፣ ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ ማለት ነው፣ 105 ማይል ሙሉ ተራራው ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስካይላንድ የሚባለው ቦታ ጋ 3,680 ጫማ ይደርሳል፣ ከተማው ውስጥ ዝናብ የነበረው እዛ ግግር በረዶ ሆኖ ያድራል። ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ውስጥማ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ እንደ ጦር ሹል ሆኖ ተንጠልጥሎ ታዪዋለሽ፣ መንገዱ ላይ የወደቀ ዛፍም አለ፣ ያ ሁሉ እስኪጸዳ ነው የሚዘጋው።

በእግር ላልሽው፣ በአየር ምክንያት የተዘጋው ለመኪና ስለሆነ በእግር መግባት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፣ መኪናሽን ግን በሩ ፊት እንዳታቆሚ፣ በረዶ ጠራጊውም አምቡላንሱም በዛው ነው የሚያልፈው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እማዬንና ልጆቹን ይዤ እኔ አልገባም፣ አንድ ሰው አዳልጦት ቢወድቅ እርዳታ ቶሎ አይደርስም። የእግር መንገዱ ራሱ ዝግ ነው የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ በ2023 መኸር ኳከር ራን የተባለው የሰደድ እሳት ሲነሳ እንደተደረገው ማለት ነው፣ ያን ጊዜ በእግርም አይገባም፣ በቃ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ድረስ በአደን ሰሞን ሰሜኑና ደቡቡ ክፍል ማታ ማታ ይዘጋል፣ ከ5 ፒኤም እስከ 8 ኤኤም (በኛ ከ11 እስከ 2 ሰዓት)፣ በጨለማ አጋዘን የሚገድሉ ሰዎችን ለመከላከል ነው። ሰንሴት እናያለን ብለሽ አመሻሽ ላይ እንዳትነሺ።

ጠዋት ከቤት ሳትወጪ የፓርኩን ዌብሳይት እዪ፣ መንገዱ የቱ ጋ ክፍት የቱ ጋ ዝግ እንደሆነ ይጽፋሉ። ሲከፈት ደግሞ እማዬ ብዙ መራመድ አይጠበቅባትም፣ መንገዱ ዳር ወደ 70 የሚጠጉ መቆሚያዎች ስላሉ መስኮቱን ዝቅ አድርገሽላት ሸለቆውን እንዳለ ታየዋለች።