ስለ አሮጌ ፒክአፕ ኤቢኤስ የአዳማ አሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

አዳማ ውስጥ በፍሬን ሥራ ላይ የቆየሁ መካኒክ ነኝ። በአሮጌ ፒክአፖች ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከለው የፍሬን ክፍል) ላይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እነሆ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኤቢኤስ መብራት በርቶ አልጠፋ አለኝ። ፍሬኑ ግን ይይዛል። አዲስ አበባ ደርሼ ልመለስበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻ ከበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል። ያጣኸው ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከለውን ክፍል ነው። በፈጣን መንገዱ ላይ ዝናብ ጥሎ ድንገት ብትረግጥ ጎማው ታስሮ መሪው አልታዘዝ ሊልህ ስለሚችል፣ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን አትንቀሳቀስ። የእጅ ፍሬኑ መውረዱን አረጋግጥና የፍሬን ዘይቱን ተመልከት። ጎድሎ ካገኘኸው ሞልተህ አትሂድ፤ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ጥያቄ፦ በወንጂ መስመር አቧራ ውስጥ ነው የምሠራው። መኪናዬ ልትቆም ጥቂት ሲቀራት ፔዳሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ የሚያጉረመርም ድምፅም አለው። መብራት አይበራም። የኤቢኤስ ፓምፑ ይቀየር ተብያለሁ።

መልስ፦ እባክዎ ገንዘብዎን ለፓምፕ አያውጡ፣ ገና ነው። ጎማው አጠገብ ጥርስ ያለው ቀለበትና ማግኔት ያለበት ሴንሰር አለ። ጥርሶቹ በሴንሰሩ ፊት ሲያልፉ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ጎማው በዘገየ ቁጥርም ኃይሉ ይደክማል። ከሴንሰሩ ሥር ዝገት ገብቶ ወደ ላይ ከገፋው፣ ወይም ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ከተጣበቀ፣ ምልክቱ መኪናው ሳይቆም ይጠፋል። ኮምፒውተሩም «ይህ ጎማ ታሰረ» ብሎ ፍሬኑን ይለቅቃል፤ የፔዳሉ መንቀጥቀጥ ይህ ነው። ችግሩ በዝግታ ሲሄዱ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው።

ጎማውን በክሪክ ያንሱ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉና በቴስተር ይለኩ። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ሽቦ አሮጌ ሴንሰሮች ከ1000 እስከ 2000 ኦም አካባቢ ያነባሉ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የማምነው ግራና ቀኙን ማወዳደር ነው። ቀጥሎ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ንባቡ መጨመር አለበት። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ የሚወርድ ከሆነ ቀለበቱ ተሰንጥቆ ይሆናል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት፤ ኩሽኔታው ከላላ ክፍተቱ ስለሚለዋወጥ ሴንሰር ቢቀየርም ችግሩ ይመለሳል። ሴንሰሩን ሲያወጡ በመዶሻ አይምቱት፣ ይሰበራል። መቀመጫውን ከዝገት፣ ጫፉን ከብናኝ አጽድተው ይመልሱት።

ጥያቄ፦ የ1990ዎቹ ቶዮታ ነው። የመመርመሪያ ኮምፒውተር የሚገባበት የለውም ተባልኩ።

መልስ፦ ሞተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው የመመርመሪያ ሶኬት ፈልግ። በብዙዎቹ ላይ ቲሲ (TC) እና ኢ1 (E1) የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተህ ቁልፉን ስትከፍት የኤቢኤስ መብራቱ ብልጭ እያለ ኮድ ይሰጣል። የቀዳዳዎቹን ስም ከክዳኑ ላይ ሳታነብ ግን ሽቦ አታስገባ። 31 የፊት ቀኝ፣ 32 የፊት ግራ ሴንሰር ነው፤ 33 እና 34 የኋላዎቹ ናቸው። 41 ከሰጠህ ባትሪውንና ዲናሞውን ፈትሽ። ኮዱ የሚነግርህ መስመሩን እንጂ ሴንሰሩ መሞቱን አይደለም። መሪ ሲዞር የሚታጠፈው ሽቦ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ከውጭ ደህና ይመስላል። ሽቦውን እያጠፍክ ለካ።

ጥያቄ፦ አምፖሉን አውልቄ መኪናውን ብሸጠውስ?

መልስ፦ አታድርገው። ገዢው ጭኖ፣ ቤተሰቡንም አሳፍሮ ከአሰላ ቁልቁል ሊወርድበት ይችላል። ችግሩን ንገረውና ከዋጋው ቀንስለት።

ጥያቄ፦ ጠጠር መንገድ ላይ ኤቢኤስ ያለው መኪና ቶሎ አይቆምም። ፊውዙን ላውጣው?

መልስ፦ ያስተዋልሽው ልክ ነው እህቴ። በልል ጠጠር ላይ የታሰረ ጎማ አፈሩን ከፊቱ ቆልሎ ይቆማል፤ ኤቢኤስ ይህን ይከለክላል። ነገር ግን ጎማው ታስሮ ሳለ መሪ ብታዞሪ መኪናው አይዞርልሽም፤ ሕፃን ወይም ከብት ድንገት ቢገባብሽ የሚያስፈልግሽ መሪው ነው። ፊውዙን ተይው፣ ፍጥነትሽን ቀንሺ።

ጥያቄ፦ ከአሰላ ስወርድ ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ይገባል። ይህም ኤቢኤስ ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ደረጃውን የጠበቀ ዶት 3 (DOT 3) የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩ። ሲቀይሩም የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን ደጋግመው ይሙሉ፤ አየር ኤቢኤስ ፓምፑ ውስጥ ከገባ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ያለ መመርመሪያ ኮምፒውተር ማስወጣት አይቻልም።