ትልቁን መዝገብ ለሌላ ጠበቃ ይስጡ

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። ሰባት ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። መጠጡ እየበረታ ሲሄድ ቀጠሮ መርሳት ጀመርኩ፤ በመጨረሻ እኔ ባለመቅረቤ የአንዲት ደንበኛዬ መዝገብ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት መቆም አፍሬ ፈቃዴን ሳላሳድስ ቀረሁ። አሁን ፍርድ ቤት አጠገብ ባለ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ እየጻፍኩ እተዳደራለሁ። ከጥምቀት ወዲህ አልጠጣሁም። በቅርቡ ‹ዘ ቨርዲክት› የሚለውን ፊልም አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ሰሞን አንድ ዘመዴ ሚስቱ በወሊድ ጊዜ በሐኪም ስህተት እንደተጎዳች ነግሮኝ ጉዳዩን ያዝልኝ አለኝ። ምልክት መሰለኝ። በዚህ መዝገብ ወደ ሙያዬ ልመለስ?»

መልስ፦ ወደ ሙያዎ ይመለሱ። በዚህ መዝገብ ግን አይመለሱ።

ፊልሙ ለምን እንቅልፍ እንደነሳዎት ይገባኛል። ሲድኒ ሉሜት በ1982 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሠራው ነው፤ ፖል ኒውማን ደግሞ የቦስተኑን ጠበቃ እጁ እየተንቀጠቀጠ ተጫውቶታል። ለቅሶ ቤት እየዞረ የአድራሻ ካርድ የሚያድል ጠበቃ! እኛ ዘንድ ቢሆን ከድንኳኑ በሽማግሌ ተይዞ ይወጣ ነበር። ይህ ሰው በወሊድ ጊዜ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ራሷን ስታ የቀረችን ሴት ጉዳይ ይይዛል፤ በዚያ አንድ መዝገብም የወደቀ ክብሩን ያነሳል። ለአምስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም፤ ይሁን እንጂ የሕግ ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሱታል።

አንድ ትዕይንት ደግመው ይመልከቱልኝ። ሆስፒታሉ የሚተዳደረው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጳጳሱም 210,000 ዶላር ለእርቅ ያቀርባሉ። ጠበቃው እምቢ ይላል። ተመልካች በዚህ ጊዜ ልቡ ይሞላል፤ ሰውየው ከእንቅልፉ ነቃ እንላለን። ነገር ግን የታማሚዋን እህትና የእህቲቱን ባል አልጠየቃቸውም። ገንዘቡ የእነርሱ ነው፤ ሸክሙንም ለዓመታት የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ባልየው ነገሩን ሲሰማ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ያፋጥጠዋል፤ ለእኔ ከመዝጊያ ንግግሩ ይልቅ የፊልሙ እውነተኛ ችሎት ያ ኮሪደር ነው። ፊልሙ ጠበቃውን ይቅር ያለው ስላሸነፈ ብቻ ነው። ቢሸነፍስ ኖሮ? እርሱ ክብሩን ለመመለስ ሲል ሌላ ቤተሰብ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

የእኛ ሕግ በዚህ በኩል ጥብቅ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ በደንበኛው ስም ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ለመታረቅ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሰው፣ የቀረበለትን እርቅ በራሱ ስሜት ለመግፋት ፈቃድ አያስፈልገኝም ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ሙሉውን ልከውልኛል፤ እዚህ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ስለ ፊልሙ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ራስዎም እንዲሁ። ስለ ዘመድዎ ሚስት ግን ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መቼ ተጎዳች? አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናት? ካሳ ነው የምትፈልገው፣ የሕክምና ወጪ፣ ወይስ ሐኪሙ እንዲጠየቅ? እርሷ ራሷስ ክስ ትፈልጋለች ወይስ የሚፈልገው ባሏ ነው? የተጎዳችበት ቀን እንኳ አልተጻፈም፤ ክሱ ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ የሚመሠረት ከሆነ ግን ቁጥር 2143 የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ልምድ ያለው ጠበቃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። አለመጠየቅዎ ችሎታ ስላጡ አይመስለኝም፤ ጉዳዩን ሲሰሙ የታየዎት የእርሷ ነገር ሳይሆን የራስዎ ነገር ስለነበረ ነው።

ደግሞም ይህ ዓይነቱ ክርክር ለተመላሽ ሰው የሚመች አይደለም። በፊልሙ ጠፍታ የነበረች ነርስ በመጨረሻው ሰዓት ትመጣለች፤ ታማሚዋ ከበላች አንድ ሰዓት ብቻ እንደሆናት የሚለው የመግቢያ ቅጽ ወደ ዘጠኝ እንደተቀየረ ትመሰክራለች፤ የደበቀችውን ኮፒም ታወጣለች። ዳኛው ማስረጃውን ውድቅ ያደርጋል፤ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ግን ሰምተዋልና ለተጎጂዋ ይፈርዳሉ። እኛ ጋ እንደዚያ ያሉ ፈራጆች የሉም። የሚፈርደው ዳኛ ነው፤ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ይግባኝና ሰበር ይከተላሉ። የምስክርና የሰነድ ዝርዝር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 መሠረት ከክሱ ጋር ይቀርባል እንጂ በመጨረሻው ቀን በር ተከፍቶ አይገባም። በዚያ ላይ ሐኪሞች ሁሉ በሚተዋወቁበት ከተማ፣ በባልደረባው ላይ ሙያዊ ምስክርነት የሚሰጥ ሐኪም ማግኘት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ረጅም፣ ጸጥ ያለ፣ ወረቀት የሚበዛበት ሥራ ነው፤ ሽንፈትም አለበት። ከጥምቀት ወዲህ ብቻ የቆመ መጠጥ ይህን ሸክም ይችላል ብዬ ልምልልዎት አልችልም። ለዘመድዎ በሐኪም ስህተት ክርክር የሠራ ጠበቃ ፈልገው ያገናኙት፤ ዛሬውኑ፣ ጊዜው እየሮጠ ነውና።

ታዲያ በምን በኩል ይመለሱ? በመጀመሪያ ፈቃድዎን የሰጠዎት አካል ዘንድ ሄደው መዝገብዎ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። ፈቃድ ሳይኖር «ለዘመድ ነው» ብሎ ጉዳይ መያዝ አይታሰብ። የፌዴራል ፈቃድ ከነበረዎት፣ እርስዎ በሌሉበት ሕጉ ተለውጧል፤ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው። ብቻዎን ቢሮ ከመክፈት ይልቅ በሌሎች ሥር ተቀጥረው፣ ቀጠሮዎን ሌላ ሰው በሚያይበት መዝገብ ላይ ቢሠሩ እመርጣለሁ። የአንድ ባንክ ወይም የኅብረት ሥራ ዩኒየን ነገረ ፈጅነትም አይናቁ፤ ቋሚ ሰዓትና ቋሚ አለቃ አለው፤ እርስዎን አሁን የሚያስፈልግዎት ይኸው ነው። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ትምህርቱን ከወዲሁ ይጀምሩ።

ስለ መጠጡ ሁለት ነገር ልበል። በራስ ኃይል ማቆም የሚያስመሰግን ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ክትትል ይጀምሩ። ካገረሸብዎ ደግሞ በአንድ ጊዜ ለማቆም ብቻዎን አይታገሉ፤ ብዙ ሲጠጣ የቆየ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላልና። ሌላው የሥራ ልማድ ነው። በዚህ ከተማ ደንበኛና ጠበቃ ሐይቅ ዳር ተቀጣጥረው፣ ዓሣ ታዝዞ፣ ቢራ ተከፍቶ ነው ውል የሚነጋገሩት። እርስዎ ቀጠሮዎን ጠዋት፣ ቢሮ ውስጥ፣ በቡና ያድርጉት። የሚከፋ ደንበኛ ቢኖር ይሂድ።

መዝገቧ የተዘጋባት ደንበኛዎስ? በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 74 መዝገቡን ለማስከፈት የተሰጠው አንድ ወር ማለፉን ስለሚያውቁ ይመስለኛል ስለ እርሷ ዝም ያሉት። በእጅዎ የቀረ ሰነዷን አዘጋጅተው፣ የተቀበሉትን ክፍያ ይዘው፣ እርሷ የምታከብረውን ሽማግሌ አስቀድመው ይሂዱ። ሌላ የሕግ መንገድ ቀርቷት እንደሆነ ሌላ ጠበቃ እንዲያይላት የምክሩን ወጪ እርስዎ ይክፈሉ። እርሷ ልትቆጣ፣ ልትከስዎም ትችላለች፤ መብቷ ነው። ፊልሙ ላይ የጎደለው ጉብኝት ይህ ነው፤ ሰውየው አዲስ ደንበኛ አገኘ እንጂ ከበፊቶቹ አንዱንም ሲጎበኝ አላየንም።

የሥራ ልምድ ወረቀትዎን ሲያዘጋጁ የጽሕፈት ቤቱን ጊዜ ባዶ አያድርጉት። አቤቱታ፣ የይግባኝ ማመልከቻና ውል ማርቀቅ ሥራ ነው፤ በምን በምን ዓይነት ጉዳዮች ላይ እንደጻፉ ይዘርዝሩ። ቃለ መጠይቅ ላይ ለምን ጥብቅናውን ተዉ ተብለው ይጠየቃሉ፤ «ለቤተሰብ ጉዳይ» እንዳይሉ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ጠያቂው ቀድሞ ሰምቶ ይሆናል። «በመጠጥ ምክንያት ቀጠሮ አሳልፌ ደንበኛ ጎዳሁ፤ ከጥምቀት ወዲህ አልጠጣሁም፤ የሐኪም ክትትል አለኝ» ይበሉ፤ ከዚያ ስለ ደመወዙ ይነጋገሩ።