መልስ፦ አበዳሪው ለእናቴ እየደወለ ያስፈራራል፣ ምን ላድርግ?
እህቴ፣ ክፍያው ስለዘገየ ሐዋሳ ላሉት እናትሽ እየደወሉ «ልጅሽን እናሳስራታለን» ማለታቸው በጣም አናዶኛል። ዕዳ መክፈል አለመቻል ብቻውን አያሳስርም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። (ቼክ ጽፈሽ ሰጥተሽ ከሆነ ግን ይለያል፤ ደረቅ ቼክ፣ ማለትም ሒሳብ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ፣ ወንጀል ስለሆነ ቶሎ ጠበቃ አማክሪ።) ዛቻ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 በአቤቱታ ያስጠይቃል።

የደወሉበትን ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ያሉትንም ቃል በቃል ጻፊ፤ የላኩትን መልእክት ስክሪንሹት አድርጊ። ከዚያ ለአበዳሪው በጽሑፍ አመልክቺ፣ «ደርሶናል» ብለው ማኅተም የመቱበትን ቅጂ ሳትይዢ አትውጪ። መፍትሔ ካልሰጡሽና ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ከሆኑ ለብሔራዊ ባንክ አቤት በይ።

እናትሽ ዋስ ሆነው ካልፈረሙ አምስት ሳንቲም የለባቸውም። ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ እንቅልፍ አጥተው ይሆናል።